የተሸናፊዎች ወረቀት

እሁድ፣ ጃንዋሪ 18
ጠዋት የቴኒስ ልምምድ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው... ከሰዓት የመጀመሪያውን ማጣሪያ አሸነፍኩ። እሰይ! አክስቴ፣ ታንቲ ኦሬሊ፣ አላጨበጨበችም። "ቃልሽን እንዳትረሺ" ብቻ።

መቼ ረሳሁ? ዘንድሮ ሠላሳ ሞላኝ። በዚህ ውድድር አንዲት የዓለም ደረጃ ነጥብ ካላገኘሁ ራኬቴን ሰቅዬ ስፌት ቤቷ እገባለሁ። የስፌት መኪናውን እንኳ ገዝታ መስኮቱ ሥር አስቀምጣልኛለች። ነጥብ የምታገኘው ማጣሪያውን አልፋ ዋናው ውድድር ገብታ አንድ ጨዋታ ያሸነፈች ናት። እዚሁ ኮቶኑ፣ ቤቴ በር ላይ ካልሆነልኝ የት ሊሆንልኝ ነው?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19
በመጨረሻው ማጣሪያ ተሸነፍኩ። አንጀቴ አረረ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20
አላበቃም። ማጣሪያው መጨረሻ ላይ የወደቀች በየጠዋቱ ዳኞቹ ቢሮ ትፈርማለች። ከዋናው ውድድር ተጫዋቾች አንዷ ከታመመች፣ ከፈረሙት መሀል በደረጃ የምትቀድመው ትተካታለች። ከእኔ የምትቀድመው የሎሜዋ ዴላ ናት። ሁለታችንም ፈረምን። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ማንም አልታመመም። (በሰው ላይ በሽታ መመኘት... እግዜር ይቅር ይበለኝ።)

"ተሸንፈሽ ምኑን ነው የምትፈርሚው?" አለች ታንቲ።
"ነገም እፈርማለሁ።"
"አንቺ ልጅ፣ ሰው ይስቅብሻል!"
ይሳቅ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21
ስነሳ ጫማዬ የለም! ታንቲ አጥባ ገመድ ላይ ሰቅላዋለች። "አበቃ ብዬ ነዋ! ለስፌት ቤቱ ንጹሕ ይሁን ብዬ።" ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እንዲሁ አጥልቄው በሞተር በረርኩ። መፈረሚያው ሊዘጋ አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ወረቀቱ ላይ ዴላ የለችም። ተስፋ ቆርጣ አውቶቡስ ተሳፍራለች አሉኝ።

እኩለ ቀን ላይ አንዷን ተጫዋች ስታሟሙቅ ወገቧን ያዛት። ዳኛው ስሜን ጠራ፦ "ሴናሚ አግቦሱ! ሜዳ ሁለት!"

ቀዩ አፈር እርጥቡ ጫማዬ ላይ እንደ ሊጥ ተለጠፈ። የመጀመሪያውን 6 ለ 2 ተበላሁ። ባረፍን ቁጥር ጫማዬን በራኬት እደበድባለሁ... ቀስ በቀስ ደረቀ። እልኬም መጣ። የቀሩትን ሁለቱን እኔ በላሁ። 6 ለ 4። 6 ለ 4።

አንድ ነጥብ። የእኔ! ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23
ትናንት ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፍኩ። ግድ የለም... አይ፣ ግድ አለኝ።

ዛሬ ስፌት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ሥር የጎረቤት ልጅ፣ ቪክቶሪን፣ ቁጭ ብላ ትሰፋለች።
"ታንቲ፣ ይሄ የእኔ መኪና አይደለም እንዴ?"
"ነበር። አንቺ መቼ ልትሰፊበት ነው?" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ቀጣዩ የት ነው?"
"ሎሜ። እሁድ ማጣሪያ አለ።"
"እንግዲያው ሂጂ። ጫማሽን እንደሆነ አልነካሁትም።"

ቤት ስገባ አየሁት። በሩ ሥር፣ ከነጭቃው።