ከምግብ አዳራሹ በር ላይ ስለተለጠፈው የፕሮስቴት ምርመራ መመዝገቢያ

ለክቡር የፋብሪካችን የጤና አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ብረት የምቀርጽ የቶርኖ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለውና ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ቤት የተኛው ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ተናድጄ እንዳይመስልዎት፤ መናደድ እንኳ አቅቶኝ ደንዝዣለሁ። ውለታዎን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሃምሳ በላይ የሆንን ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ እንድናደርግ ስለጋበዙን አመሰግናለሁ። በተለይም መመዝገቢያውን «ሙሉ ስም»፣ «ዕድሜ» እና «የሽንት ችግር» ከሚሉት ዓምዶች ጋር፣ አራት መቶ ሠራተኛ በሚሰለፍበት የምግብ አዳራሽ በር ላይ ማስለጠፍዎ ለግልጽነት ያለዎትን ፍቅር ያስመሰክራል። ከላዩም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ በቀይ ተጽፎበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ወንድሜን ያን ሰሞን ሽንቱ እየቆራረጠ ያስቸግረው ኖሯል። ለእኔም ትንፍሽ አላለም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እስክሪብቶውን አውጥቶ ወረቀቱ ፊት ቆመ። ከኋላው የነበረው የመጋዘን ሠራተኛ «ምነው ጋሼ፣ ሞተሩ አልነሳ አለ እንዴ?» ሲል ሰልፉ በሙሉ አውካካ። ወንድሜም አብሮ ሳቀና ስሙን ከጎኑ በተለጠፈው የእግር ኳስ ቡድን መመዝገቢያ ላይ ጻፈ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የግራ ተከላካይ ሆነ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው ባለመመዝገቡ «ፍላጎት የለም» የሚል ሪፖርት ጽፈው የተመደቡልንን ባለሙያዎች በፍጥነት ስለመለሱ አመሰግናለሁ። እዚህ ፋብሪካ ማሽን እስኪጮህ አይጠበቅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን በየሳምንቱ እንፈትሸዋለን፤ ፈታሹም ወንድሜ ነበር። ይህ ካንሰር ግን ሲጀምር ምንም ምልክት ላያሳይ እንደሚችል፣ በደም ምርመራ አስቀድሞ ሊጠረጠር እንደሚችል የሰማነው እሱ ወገቡን ይዞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ሐኪሙ በሽታው አጥንቱ ውስጥ እንደገባ ነገሩን። ወደ እኔም ዞረው፣ ወንድም የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ስለሆነ ከአርባ አምስት ዓመቱ ጀምሮ መመርመር እንደሚገባው አስረዱኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

አሁን ደግሞ በመጪው ሳምንት ድንኳን ተተክሎ የግንዛቤ ቀን ሊከበር እንደሆነ ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አይጠፉም፤ እኔ ግን አልልም። የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው፦ መጋረጃ ያላት አንዲት ክፍልና ስም ጮክ ብሎ የማይጠራ አንድ ነርስ። በክፍላችን ከሃምሳ በላይ የሆንን ዘጠኝ ወንዶች አለን። ድንኳኑ ይቅርብን፤ ክፍሏ ካለች እንመጣለን።

የእርስዎን ጤና ከገዛ ወንድሙ ጤና ለይቶ የማያይ፣ ለዕድሜዎ መርዘም ዘወትር የሚጸልይ ትሑት ሠራተኛዎ፣
ከቶርኖ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ራስዎ የዚያኑ ሰሞን ተመርምረው፣ በሽታው ገና ሳይስፋፋ ተደርሶበት፣ ታክመው መዳንዎን ሰማሁ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። በየት በኩል እንደገቡ ብቻ ቢያሳዩን።