እርማቸውን አውጥተው የሄዱት ወይዘሮ አብርሆት ፀሐዩ

ወይዘሮ አብርሆት ከአባታቸው ከአቶ ፀሐዩ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት ሀብቴ በ1955 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው፣ በ1988 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ከአቶ ወንድሜነህ ጋር አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ገቡ። በአረጋውያን መጦሪያ ሲሠሩ ሳለ አንዲት ልጃቸውን ሶሊን ወለዱ።

በ1992 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ዘመድ «በሰው አገር እንዴት ትችለዋለች» ብሎ ዓመት ሙሉ መርዶውን ደበቃቸው። በደወሉ ቁጥር «ተኝተዋል» ይባሉ ነበር። እናታቸው ግን በዚያ ዓመት ሌሊት ሌሊት በር ላይ ቆመው ያዩዋቸው ነበር። መርዶው ከተነገራቸው በኋላም አልተዉአቸውም።

ወደ ሥነ ልቦና ምክር ሙያ የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራ ሳያቋርጡ ተምረው፣ ላይሰንሳቸውን ይዘው በ2001 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ከፈቱ። «እኔ እብድ ነኝ እንዴ» እያለ በግድ የመጣ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ተንሰቅስቆ አልቅሶ ይወጣ ነበር። «አይዞህ» ለማለት አይቸኩሉም፤ ሰው የከበደውን በራሱ አፍ እስኪናገር ይጠብቁታል። ሞት ለተደበቀባቸው ባዶ ወንበር ፊታቸው አስቀምጠው ከሟቹ ጋር ያነጋግሯቸው ነበር። ሞትን አትደብቁ ብለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ እየመጡ መክረውናል።

ዘንድሮ በካንሰር ታመው ተኝተው ሳለ ወንድማቸው አቶ ንጉሡ እዚያው ደሴ ከተማ አረፉ። ዘመድም ተመካክሮ ዳግመኛ ደበቃቸው። ሲጠይቁ «ደኅና ነው» ይባላሉ። አንድ ጠዋት ግን ሶሊን ጠርተው፣ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብሎ እንዳደረ ነገሯትና እውነቱን ጠየቋት። ሶሊ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «እማዬ፣ አጎቴ ሞቷል» አለቻቸው። ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ ዋሉ። በዚያው ሳምንት፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ መርዶው ነው የገደላቸው እየተባለ ይንሾካሾካል። ሶሊም ሰምታለች፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። አቶ ወንድሜነህ ይህ ከሁሉ ፊት እንዲነበብ አዝዘዋል፦ ወይዘሮ አብርሆት ያን ዕለት አልቅሰው ሲያበቁ የልጃቸውን እጅ ይዘው «ንጉሡ ተነሥቶ ሄደልኝ፤ አንቺ ነሽ የሸኘሽልኝ» ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ያገናኝልን። ለባለቤታቸው ለአቶ ወንድሜነህ መጽናናትን፣ ለልጃቸው ለሶሊ እንቅልፍን ይስጥልን።