ብረቱን ሱሉልታ አደረስኩት

ቶሌ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ አኩርፌህ ነው። ኩርፊያዬን ታውቀዋለህ፤ በደህናው ጊዜም ሦስት ቀን ዘግቼህ በአራተኛው «ራት ቀርቧል» የምል ሰው ነበርኩ። ከዚህኛው ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደብኝ። ዛሬ ግን የተቀመጥኩት ላመሰግንህ ነው፤ ጠባዬን ታውቃለህና በመሃል ብማረር አትቀየም።

የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ ያለው የቆርቆሮ ጂምህ አልተዘጋም። ልጆቹ ማለዳ እየመጡ ብረት ሲጥሉ አሁንም ግድግዳው ይነቃነቃል፤ እኔም አሁንም እሳደባለሁ። ትልቁ መስታወት ተሰንጥቋል። ከፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ፎቅ አቁሞ የጠዋት ፀሐዬን ወሰደብኝ። በለቅሶህ ድንኳን «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» ያሉኝ ወዳጆችህ ደግሞ ድንኳኑ ሲነሳ አብረው ተነሱ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቀለም ይባክናል።

አንተ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ስፖርተኞች አሰባስበህ የሰውነት ግንባታ ውድድር ልጀምር ስትል ያበድክ መስሎኝ ነበር። «ሰው ቅባት ተቀብቶ በቁምጣ ሲቆም ማን ይመለከተዋል?» አልኩህ። «አስኩ፣ በግ ተራ ሄደሽ ታውቂያለሽ አይደል? ሰው ያማረ ነገር ማየት ይወዳል» አልከኝ። አዳራሽ አልነበረህም፣ የሚደግፍህም አልነበረም። ስለዚህ ውድድሩን እንደ ማኅበር አዞርከው። ማኅበርተኛ ጽዋ እንደሚቀባበል፣ ያዘጋጀው ከተማ ለባለተራው የሚያስረክበው ከጭነት መኪና ሻፍት የሠራኸው የመጀመሪያው ብረት ሆነ። የተቀበለ የሚቀጥለውን ዓመት ያዘጋጃል። የሚቀበል ከጠፋ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ሳስብ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። በሁዳዴ ልታደርገው ነበር። እኔ «በጾም ሰው ራቁቱን ልታቆም? እግዜርን አትፈራም?» ብዬ ጮኽኩብህ። ሰማኸኝና ከፋሲካ ቀጥሎ ወዳለው ቅዳሜ አዞርከው። ልጆቹ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው፣ ደርቀው፣ ጅማታቸው እንደ ገመድ ተገትሮ ከረሙ። ከፋሲካ እስከ ቅዳሜ ባለችው ሳምንት ግን ዶሮውንም ቁርጡንም ሲያወርዱት ሰነበቱ። መድረክ ላይ ሲወጡ መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ ሆዳቸው ከደረታቸው ቀደመ። አንዱ የቡራዩ ልጅ ሆዱን ሲያስገባ ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ አለ። ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ አንተ ማይክ ይዘህ «ወገኖቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! የዘንድሮ አሸናፊ ዶሮዋ ናት» አልክ። ቀኑን ያስቀየርኩህ እኔ መሆኔን ለማንም አልተናገርክም። በዓመቱ ከጥምቀት በኋላ አደረግከው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑ አልተነካም።

ዓይንህ እየደከመ ሲመጣ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር የሚያነብልህ ፈለግክ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ይዘህ ፊደል ማስቆጠር ጀመርክ። ሌላው በ«ሀ ሁ» ይጀምራል፤ እኔ በ«ሰማንያ ኪሎ» ጀመርኩ። የሰውን ልጅ ስምና ክብደት ከራሴ ስም ቀድሜ ጻፍኩ። ስሳሳት «ይህን ልጅ አሥር ኪሎ አከሳሽው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ያኔ እናደድ ነበር። እናቴም አባቴም፣ ያሳደጉኝም ሁሉ ያልሰጡኝን ነገር ሰጥተኸኝ ሳለ እናደድ ነበር። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ያ የሰጠኸኝ እጅ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በኀዘንህ አንድ ዓመት ታለፈና አምና በጥር ቡራዩ አዘጋጀ። ሽልማቱ አለቀ፣ ደረሰ የሚባለው የቡራዩ አሠልጣኝ ብረቱን አምጥቶ መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀመጠና ባለተራውን ሱሉልታን ጠራ። ማንም አልተነሳም። ለካ የሱሉልታው አሠልጣኝ ከተማውን ለቆ ሄዷል። ከኋላ አንዱ «ሱሉልታ የሯጭ አገር ነው፣ ጡንቻ ምን ያደርግለታል!» አለ፤ ሳቁ። ደረሰ ሦስት ጊዜ ጠራና «እንግዲህ ኦቦ ቶሎሳ ጀመሩት፣ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር በክብር አበቃ» አለ።

ቶሌ፣ «በክብር» አለ እኮ። ሁለተኛ ሊቀብሩህ ነው። ጥቁሬን እንኳ ገና አላወለቅኩም ነበር፤ ተነሳሁ። «እኔ እቀበላለሁ» አልኩ። ደረሰ ግራ ገብቶት «እማማ፣ ይከብድዎታል እኮ» ቢለኝ፣ «ከቶሎሳ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የከበደ ነገር ለምጃለሁ» አልኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ብረቱን ግን ንቅንቅ አላደረግኩትም፤ ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ሚኒባስ ላይ ጫኑልኝ።

ከዚያማ እንጦጦን ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ አትጠይቀኝ። ሱሉልታ ውስጥ ያገኘሁት አንዲት ጠባብ ጂም ብቻ ናት። የምታሠራውም ሌንሳ የምትባል ልጅ ናት፤ ሯጭ ነበረች፣ ጉልበቷ ሲጎዳ ወደ ብረት ዞረች። «እማማ፣ እናዘጋጃለን» አለችኝ ገና ሳልጨርስ። «ግን የሴቶች ውድድር ካለበት ነው። እኔም እወጣለሁ።» ቀጥላም «ኦቦ ቶሎሳ ቃል ገብተውልኝ ነበር። በኋላ ‹ጊዜው አልደረሰም፣ እኔም ፈራሁ› አሉኝ» አለች።

አንተ መቼ ፈራህ? የፈራሁት እኔ ነኝ። «ሴት ልጅ እዚያ ከቆመች እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» ያልኩህን አልረሳሁም። አንተ ተውከው። ከዚያ በኋላ ሰው ፈሪ ሲልህ፣ ካህናቱን ፈርቶ ነው ሲልህ፣ ፈሪነቱን ለራስህ ወስደህ እኔን ሸፈንከኝ። እስከ መቃብርህ ሸፈንከኝ። ያን ቀን በሚኒባስ ስመለስ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምነው፣ ሰው ሞተብዎ?» አለችኝ። «አዎ፣ አሁን ገና» አልኳት።

እንግዲህ ያፈረስኩትን ራሴ መሥራት ነበረብኝ። ከቡራዩ አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከእኛው ጂም ደግሞ አንዲት የፋብሪካ ልጅ ተገኙና ሦስት ሆኑ። የቀሩት የሌንሳ አባት ነበሩ። ኦቦ ፈይሳ ገበሬ ናቸው፤ ልጄ አትወጣም ብለዋል። ቤታቸው ሄድኩ። «አካም ጅርቱ» ተባብለን ተቀመጥን።

«እርስዎ ልጅዎን ያቆሙ ነበር?» አሉኝ።

«አላቆምም ነበር። ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው። «እሷ ስትሮጥስ በቁምጣ አልነበረም? ያኔ አጨብጭበው የለም እንዴ?»

«ስትሮጥ እኮ ቶሎ ታልፋለች» አሉ። «ይኼኛው ቆማ መታየት ነው።»

«ቆማ ብትታይስ ምን ይጎድላታል?»

ልብሱን ብቻ ጠየቁኝ። ትከሻና ጀርባ የሚያሳይ፣ ከወገብ በታች እስከ ጉልበት የሚሸፍን እንዳሰፋሁ ነገርኳቸው። ከአዲስ አበባ የጠራነው ዳኛ «ደንቡ እንዲህ አይልም» ብሎኝ ነበር፤ «ደንብህን ይዘህ ና፣ ሱሉልታ ብርድ ነው፣ ትለብሰዋለህ» አልኩት። ይህን ስነግራቸው ኦቦ ፈይሳ ፈገግ አሉ። እሺ ግን አላሉም።

ውድድሩ ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። ነፋሱ ከእንጦጦ ጎን እየተምዘገዘገ ይወርዳል። እነዚያ የምታውቃቸው ግዙፎች በየጥጉ ጋቢ ተከናንበው የሽማግሌ ጉባኤ መስለዋል። የተንቀጠቀጠ ሰውነት መስመር አያሳይም፤ ቅባቱም ጣሳው ውስጥ ረግቷል። አለቀልኝ ብዬ ስቆም ኦቦ ፈይሳ ሁለት ምድጃ ፍም በጋሪ አስጭነው መጡ። አንዱን ለወንዶቹ ሰጡ። ሌላውን ሴቶቹ ካሉበት ድንኳን አስገብተው በሩ ላይ ተቀመጡና «ሰው ያሸንፋት እንጂ ብርድ አያሸንፋትም» አሉኝ።

ሦስቱ ወጡ። ጀርባቸውን ለሕዝቡ አዞሩ። ድንጋይ ይወረወራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች በኩል እልልታው ፈነዳ። የቡራዩዋ አንደኛ ወጣች፣ ሌንሳ ሁለተኛ። ይኼኔ ልጄ አትወጣም ያሉት ሰውዬ ዱላቸውን ይዘው ዳኛው ዘንድ ደረሱ። «አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም? ያን ትከሻ አላየኸውም?» ይላሉ። ሌንሳ «አባ፣ በቃ! አሳፈርከኝ» እያለች በሁለት እጇ ጎተተቻቸው።

ብረቱን ለማስረከብ ስሜን ሲጠሩ የቡራዩው ቀን ትዝ አለኝ። ባለተራዋ ሰበታ ናት፤ ገና አፌን ሳልከፍት ልጆቻችን መድረኩ ላይ ነበሩ። እኔ ባልኖርም ይዞራል፤ ያንን አየሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ጡንቻህን ሲያወሩልኝ እኔ አንድም ቀን አልገረመኝም። የሚገርመኝ ዝምታህ ነው። ስለ እርሱ አመሰግንሃለሁ። አንተ በሕይወት ሳለህ ልለው የሚገባኝን አሁን ማለቴ ያንገበግበኛል፤ ግን አልኩት። የሴቶቹ ውድድር ለምን ዘገየ ብለው ሲጠይቁኝም ከእንግዲህ «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ እሱ ፈልጎ ነበር» እላለሁ። ለሌንሳ ነግሬያታለሁ።

እሑድ መቃብርህ ጋ አልመጣም፣ አትጠብቀኝ። ለገጣፎዎች አራተኛ ከተማ ሆነን እንግባ ብለው ጠርተውኛል፤ ሥርዓቱን የሚያስረዳቸው ይፈልጋሉ። እዚያ አንተን የሚያውቅ ሰው የለም። ከማንኛውም ነገር በፊት ማን እንደነበርክ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውድድሩ እናወራለን።

ያንተው አስካለ
ሰበታ