በውሸቴ የታሰረው ሰው

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ የኢጣልያ መንግሥት የአገር አስተዳዳሪ
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ በሐሰት ጠቁሜ ያሳሰርሁት ነጅሙዲን አብዱልሃዲ እንዲፈታ፣ የሽማግሌዎች ፍርድም እንዲጸና ስለ መለመን

ጌታዬ ሆይ፣

እኔ አመልካች አሊዪ በድሩ፣ በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና በቆሎ የማለማ ገበሬ ስሆን፣ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

፩. የነጅሙዲንና የእኔ ማሳ ኩታ ገጠም ነው፤ የምናጠጣውም ከአንድ ቦይ ነው። ባለፈው ኅዳር በውሃ ተራ ተጣልተን ሦስት ሽማግሌዎች መረጥን። እነርሱም ቦዩን ከአፉ እስከ መጨረሻው በእግራቸው ሄደው አይተው፣ ከሳምንቱ ለእርሱ አራት ቀን፣ ለእኔ ሦስት ቀን ፈረዱ። ተቀብያለሁ ብዬ እጄን ዘርግቼ፣ የእርቁ ጸሎት ፋቲሓ ተቀርቶልን ተነሣን። በአገራችን ፋቲሓ ከተቀራ በኋላ ነገር ማንሣት ነውር ነው።

፪. እኔን ግን ያች አንዲት ቀን አንገበገበችኝ። በሳምንቱ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ ነጅሙዲን ጠመንጃ ቀብሯል፣ ለሽፍቶችም እህል ያቀብላል አልሁ። ወታደሮች ቤቱን ቆፍረው ምንም አላገኙም፤ እርሱ ግን ከታሰረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ጠመንጃም አላየሁበትም፣ እህል ሲያቀብልም አላየሁም። ይህን የሚጽፍልኝ ሰው ተሳስቼ ነው ብንል ይሻላል ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ዋሽቼ ነው።

፫. እርሱ ሲታሰር ሰባቱም ቀን ለእኔ ይሆናል ብዬ ነበር። ሚስቱ መሊካ ስንቅ ልታደርስለት ስትሄድ ግን፣ ሽማግሌ የፈረደውን እንዳትነኪ፣ በአሊዪ ቀን ውሃውን ልቀቂለት ብሎ አዟታል። ሰኞ ማለዳ ልጇን አዝላ፣ ቦዩን በዶማ ከፍታ ወደ እኔ ማሳ ስትለቅ በዓይኔ አየሁ። የጠቆምሁት እኔ መሆኔን አታውቅም፤ ጋሼ አሊዪ፣ ውሃዎ ደርሷል ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስሰግድ አፍራለሁ።

፬. ለሽማግሌዎቹ ብናዘዝ፣ ሰብሳቢው ሼህ አብዱልሀኪም፣ መጀመሪያ ሰውየውን አስፈታ፣ እርቅ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ነጅሙዲን እንዲፈታ፣ የውሃው ፍርድም ሽማግሌዎቹ እንደወሰኑት እንዲቆይ፣ የሐሰቱም ቅጣት በእኔ ላይ እንዲሆን እለምናለሁ። የነጅሙዲን ዘመዶች አስፈራርተውኝ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩ፤ ማንም አልላከኝም። ጋቢዬንና የሳምንት ስንቄን ይዤ ከበርዎ ላይ ተቀምጫለሁ። እርሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ።

ከእፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አሊዪ በድሩ
(መጻፍ ስለማልችል ጣቴን አትሜያለሁ)