ስለ ጎረቤቴ ግቢ አፈርና ስለ ባለሙያዎ ንጹሕ ጫማ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ አፍንጫዎ ደኅና እንዲሰነብት እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ ከቀድሞው የባትሪ ግቢ ጋር አንድ ግንብ የምጋራ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያ ግቢ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተሰበረ አሲዱ መሬት ላይ ሲደፋ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ሲቀልጥና ጢሱ ያሰጣሁትን ልብስ ሲያጠቁር ኖሬአለሁ። አሁን ግቢው መዋዕለ ሕፃናት ሊሆን ነው፤ ሰኞ ይከፈታል። መሥሪያ ቤትዎ አፈሩን መርምሮ «ከብክለት ነጻ» ብሎ ማኅተም ስላሳረፈበት፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ምርመራ እንዳለ ለባለንብረቱ አስቀድማችሁ በስልክ ስለነገራችሁት አመሰግናለሁ። ሳይናገሩ መጥቶ ሰውን ማሳፈር ነውር ነው። እሱም ጨዋ ነውና በዋዜማው ቀይ አፈር በጭነት መኪና አስመጥቶ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው።

፪. ባለሙያዎ ጫማውን እጅግ የሚያከብር ሰው ነው። ከበሩ ሳይርቅ ጎንበስ ብሎ ከዚያው ከቀዩ አፈር በማንኪያ ጨለፈ። እኔም በግንቡ ላይ ብቅ ብዬ፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ ትናንት የመጣ አፈር ነው፤ ትንሽ ቆፈር አድርገህ ከሥሩ ውሰድ» ብለው፣ «እማማ፣ መመሪያው ከላይኛው አፈር ነው የሚለው» አለኝ። ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው። በዚህ ምርመራ ቀዩ አፈር የተዛቀበት ኮረብታ ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ኮረብታውን እንኳን ደስ አለህ በሉልኝ።

፫. ከዚያ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ መመሪያ አላነበበምና ቀዩን ጠርጎ ጥቁሩን አወጣው። አንድ ባልዲ ሞልቼ ቢሮዎ ድረስ ሳመጣው፣ በመሐረብ አፍንጫዎን ይዘው፣ «ይሄን ነገር ቶሎ አውጡልኝ፤ ሰው የሚሠራበት ክፍል ነው» ማለትዎን አልረሳሁም። መስኮቱም እንዲከፈት አዘዙ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ መሥሪያ ቤትዎ ያደረገው እውነተኛ ምርመራ እሱ ብቻ ነው፤ ምነው ማኅተም ሳያደርጉበት ቀሩ?

፬. እዚህ ላይ አልቀልድም። የልጄ ልጅ ሰኞ እዚያ ትገባለች። ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ ቁልፍም ሆነ ክር ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትወስዳለች፣ አፈር ሲሆንማ አይጠይቁኝ። እናቷ ሥራ ውላ ስለምትገባ፣ በሰፈሩም ሌላ የሕፃናት ማቆያ ስለሌለ፣ ልጄን «አስቀሪያት» ብላት፣ «እማዬ፣ ማኅተም አለው እኮ፤ አንቺ ደግሞ ሁሉን ትጠራጠሪያለሽ» አለችኝ። የገዛ ልጄ ከእኔ ዓይን ይልቅ የእርስዎን ማኅተም አመነች። እፈራለሁ፤ ከፍርሃቴም በላይ እናንተን እንቃለሁ።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት አካፋ የያዘ ሰው እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። መሥሪያ ቤቱ አካፋ ከሌለው እኔ አውሳለሁ፤ ለጫማውም መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ እሰፋለታለሁ።

በማኅተምዎ ክብደት እየተደነቅኩ፣ በአፍንጫዎ እውነተኛነት እየተጽናናሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ከግንቡ ወዲህ ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ያስወጡትን ባልዲ አልደፋሁትም። አካፋ የያዘ ሰው ካልመጣ ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ንጹሕ ነው ካሉ ምንጣፍዎ ላይ እዘረግፈዋለሁና ቀድመው ይጫወቱበት። ከዚያ እጅዎን ሳይታጠቡ ምሳዎን ይብሉ፤ ሕፃናት የሚበሉት እንደዚያ ነው።