ዳዊት የላካቸው ሽማግሌዎች

ሐሙስ

ድፍት ይበል! ዛሬም ስልኩን አያነሳም። ባሌ ነው የምለው ዳዊት "ለእረፍት" ብሎ ከለንደን አምጥቶኝ፣ ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ፈቃዴን ከቦርሳዬ ወስዶ፣ ቁስቋም እናቴ ቤት ጥሎኝ ሄደ። ልጄን ማክዳንም ይዟት ለንደን ተመለሰ። አራት ዓመቷ ነው፤ ያለ እኔ እንቅልፍ አይወስዳትም።

"ለንደን የገባሽው በእኔ ፊርማ ነው፤ እኔ ካልፈረምኩ አትመለሺም" ይለኝ ነበር። አምኜው ነው ዱላውን የቻልኩት።

ዓርብ

ለንደን ያለች ጠበቃ በአስተርጓሚ አነጋገረችኝ። ባሏ ደብድቦ ውጭ አገር ጥሏት የሄደ ሚስት ለመመለስ ራሷ ማመልከት ትችላለች አለች። የእሱ ፊርማ አያስፈልግም! ሁለቴ አስደገምኳት።

ግን ማስረጃ ትፈልጋለች። ሐኪም ጋ አልሄድኩ፣ ፖሊስ አልጠራሁ። በር ዘግቶ ነበር የሚመታኝ፣ ብልጡ። ንዴቴን ልብስ ማጠብ ላይ ተወጣሁት። እማዬ "አንሶላዬን ጨረስሽው እኮ" አለች።

እሁድ

ሽማግሌ ላከብኝ! ሳልጮህ እንድፈታው። ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ የዳዊት የክርስትና አባት። እንደ ደንቡ ሁለታችንንም መስማት አለባቸው፣ እሱን በስልክ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍተው።

"ይመታኛል ትላለች፤ እውነት ነው ልጄ?" አሉት።

ወንዶች ፊት ነኝ ብሎ ተዝናና መሰለኝ። "አዎ፣ መትቻታለሁ። ፓስፖርቷንም የያዝኩባት እኔ ነኝ፣ ልክ እንድትገባ!"

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እኔ ሻዬን ፉት አልኩ። ከመጣሁ እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ሰኞ

አዲሱ ገበያ፣ ጋሽ ተፈራ ሱቅ ሄድኩ። የሰሙትን ለጠበቃዋ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "የሽምግልና ነገር ከቤት አይወጣም" አሉ። እሳቸውንም ጠላኋቸው።

ልወጣ ስል "ሕፃኗን ማን ነው የሚያስተኛት?" አሉኝ። እንጃ አልኩ። ልጄን ማን እንደሚያስተኛት አላውቅም። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት በር ተንኳኳ። ጋሽ ተፈራ። ሳይቀመጡ "ሴትዮዋ ጋ ደውይ" አሉ። ሁሉንም ነገሯት፣ እሱ ባለው ቃል። የክርስትና ልጃቸው ነው፤ ቢሆንም ምንም አልደበቁለትም። አላዘንኩለትም።

ጠበቃዋ ማመልከቻውን ታስገባለች። ይሳካል ብላ ግን ቃል አልገባችም።

ከሰዓት ዳዊት ደወለ፣ ከሄደ ገና የመጀመሪያው። ከኋላው ማክዳ ስታወራ ይሰማል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"እሺ፣ ሽማግሌዎቹ ተናገሩሽ?" አለኝ።

"እግዜር ይስጥህ፣ በደንብ ተናገሩልኝ" አልኩት።