መዝገብህን አጠብኩት

ታዴዬ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልህና፣ ሀና ማርያም ካሳረፍንህ ዘጠኝ ወር ሞላ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ባልን በሕይወቱም በሞቱም መዋሸት ግን አልችልበትም። ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፍልህ በጠራራ ፀሐይ በሬን ቀርቅሬ ነው።

ጣሪያውን አስጠግኜዋለሁ። አጥሩ አሁንም ወደ መንገዱ እንዳጋደለ ነው፤ ነገ ነገ እያልክ ጥለኸኝ ሄድክ።

በነፋስ ስልክ በአንድ ዓመት የተወለዱትን ልጆች እየተከታተልክ፣ በየሦስት ወሩ ቤት ለቤት ስትመዝን፣ ሚዛኑን የምሸከምልህ እኔ ነበርኩ። ሕፃን እጅህ ላይ ሲሸና የምትስቀው ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል። አንድ ክኒን ሳትሰጥ ዝም ብለህ መመዘን ምን ይረባል እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ይህ ለምን ከሳ፣ ያ ለምን ዳነ የሚባለው የሚታወቀው ዓመት ከዓመት ሳይለዩ ሲያዩ ነው ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው ልጅ ከስቶ ካገኘህ ምክንያቱን ሳትጽፍ ከቤቱ የማትወጣው። የልጆቹ መዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል። ገጾቹም ቁጥር አላቸውና አይቀደዱም። ይህን ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

አንተ ስታርፍ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ሰው እስኪገኝ አንቺ ቀጥዪበት አለኝ። ኮራሁ። ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል።

ባለፈው ዙር የእትዬ ፋንታዬን ትንሹን ልጅ ሙሉጌታን ስመዝነው ከስቷል። እንደ ደንብህ ምክንያቱን ጠየቅኩ። እትዬ ፋንታዬም አንተን ያመኑትን ያህል አምነው ነገሩኝ። ወጣት በየቤቱ በሚታፈስበት በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ትልቁ ልጃቸው ደረጀ፣ ከተደበቀበት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያለ ይበላል፤ ለሙሉጌታ የሚበቃው ምግብ ለሁለት ሆነ። እኔ ሞኟ ከነስሙ ከነቀኑ ጻፍኩት፤ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ አንተ ብታየው ደስ እንዲልህ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ትናንት አንድ የቀበሌ ሰው መጣ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ማን እንደጠፋ የተጻፈበት መዝገብ እንዳለ ሰምተናል፣ ነገ ከሰዓት መጥተን እናየዋለን አለኝ። አልጮኸብኝም። እንደውም ስለ አንተ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የሄደው፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። መዝገቡ እኔ ዘንድ መኖሩን ግን አላመንኩለትም።

የማማክረው ሰው የለኝም፤ ዶክተሩም ካገር ከወጣ ወር ሆነው። መስመሩን ብሰርዘው ይነበባል። ገጹን ብቀደው ቁጥሩ ያሳብቃል። ባቃጥለው ጎረቤት ጭሱን አይቶ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድቼ፣ ልብስ የማጥብ እንዲመስል ከላይ አንሶላ ጣል አድርጌ፣ መዝገብህን አጠብኩት። ቀለምህ ውሃውን ሰማያዊ አደረገው። የአምስት ዓመት ልፋትህ እጄ ላይ እንደ ሊጥ ሲሟሟ አለቀስኩ፤ በአጥሩ በኩል ያየችኝ ጎረቤት ሳሙና ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏት ታጠቢው አለችኝ። ሊጡን ሽንት ቤት ደፋሁት። ሰውየው ሲመጣ፣ ዶክተሩ ይዞት ሄዷል እለዋለሁ። ድምፄ ካልተንቀጠቀጠ።

ይህችንም ወረቀት ስጨርስ እንዲሁ አሟሟታለሁ። አንተ የትም ሆነህ ታነባታለህ።

ይቅር በለኝ፣ ታዴ። ሰዓቱ እየደረሰ ነው፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብዕሩን አስቀምጬ መቀርቀሪያውን አያለሁ። ልጆቹን ግን አልተዋቸውም። እንደ ጎረቤት ደህና ናችሁ ወይ እያልኩ በየሦስት ወሩ እዞራለሁ፣ ያለ ሚዛን፣ ያለ እርሳስ፤ ልጅ መክሳቱን በዓይኔም አውቃለሁ። ማን በኩፍኝ እንዳለፈ፣ ማን ዘግይቶ እንደተራመደ፣ የትኛዋ እናት አንተን ስታይ ልጇን ቶሎ ቶሎ ታጥብ እንደነበር፣ ሁሉንም በልቤ ይዣለሁ። አንተንም እስክከተልህ ድረስ አልረሳህም። ከመዝገቡ አንድ መስመር ብቻ አለች፣ በራሴ እጅ የጻፍኳት፤ እሷን ቢገርፉኝም አላስታውሳትም።

ባለቤትህ አስካለ